ከግራ ዓይናቸው በታች

የሰውን ፊት አፍጥጬ ማየት የምችለው ስክሪን ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሱሉልታ መንገድ ዳር ባለው ፎቶ ቤት ስሠራ፣ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ሲቆም ዓይኔ ወደ ኪቦርዱ ይወርድ ነበር። ያው ሰው ከካሜራው ወጥቶ ኮምፒውተሬ ላይ ሲዘረጋ ግን አላፍርም። አገጩ ላይ ምላጭ የቆረጠውን፣ ጉንጯ ላይ ያረፈውን ማድያት፣ ከጆሮው ሥር ያለውን የቆየ ጠባሳ አጉልቼ አያለሁ። ከዚያ አጠፋዋለሁ።

እኛ ቤት ሥራው «ማጽዳት» ይባላል። ፎቶሾፑ ውስጥ የቁስል ፕላስተር ምስል ያለባት አንዲት መሣሪያ አለች፤ ብጉሩ ላይ ጠቅ ሲያደርጉባት ከጎኑ ካለው ደህና ቆዳ ወስዳ ትለጥፍበታለች። ቀጥሎ ቆዳውን በስሱ ማለስለስ፣ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ማንሳት፣ የዓይኑን ነጭ ትንሽ ማብራት ይመጣል። ለሠርግም ይሁን ለመታወቂያ፣ ሰው ጠየቀም አልጠየቀም፣ ሳይጸዳ የሚታተም ፊት አልነበረም። ባለቤቱ ከደቡብ መጥቶ ዓመታት ፋብሪካ ውስጥ ከሠራ በኋላ ፎቶ ቤቱን የከፈተ፣ ከጸሎት የማይለይ ጴንጤ ሰው ነው። «ሰው ቆሽሾ ከቤቴ አይወጣም» ይል ነበር። ደንበኛው የታተመውን ሲያይ «ካሜራችሁ ጎበዝ ነው» ይላል፤ እኛም አናርመውም።

የተማርኩት ጂኦግራፊ ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ሊያሰፋ የታሰበው የማስተር ፕላን ካርታ ነው የተባለውን ምስል መጀመሪያ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ነበር። ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ቀለም ተቀብተዋል። ካርታ ማንበብ ትችላለች ብለው የዶርም ልጆች እያመጡ ያሳዩኝ ነበር። እውነት ይሁን ሐሰት ግን ልነግራቸው አልቻልኩም። ያነሳው ሰው እጁ ተንቀጥቅጦ ስለነበር ጽሑፉ አይነበብም። ተመርቄ ቤተሰቦቼ ዘንድ ስመለስ ቀለሙ ከስልክ ወጥቶ ከተማው ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ። አንዳንድ ቀን ወጣቱ ሰልፍ ይወጣል፤ የጫንጮ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፤ ሱቆች ሳይከፈቱ ይውላሉ፤ የጫኑትን ሰው የማናይባቸው መኪኖች ያልፋሉ። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ደኅንነት እንዳይሆን ብሎ መጀመሪያ የቆመውን ሰው ጫማ ያያል። ቡራዩ ያለችው አክስቴ ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ደውላ የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለማንም ምንም እንዳትፈርሚ።»

አንድ ቀን የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። እያነሳነው ግድግዳው ላይ የሰቀልናቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ ይመለከታል። «የሰልፉ ቀን በር ከፍታችሁ ነበር?» አለ። ባለቤቱ «ኧረ ጌታዬ፣ እኔ በዚያ ቀን ቤቴ ጸሎት ላይ ነበርኩ» አለ። «ፎቶ ያነሳ ሰው አታውቁም?» «እኛ የምናነሳው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው።» ሰውየው ሳቀ፤ ለነገ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። ፊቱን አጽድቼ፣ አትሜ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አዲስ ደንብ አወጣ። ካሜራው ያነሳው ኦሪጅናል ምስል በዚያው ቀን ይጠፋል፤ የሚቀመጠው የጸዳው ብቻ ነው፤ እሱም ደንበኛው እስኪወስደው ድረስ። በር ከመዝጋቱ በፊት ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የኮምፒውተሩን ቆሻሻ መጣያ ራሱ ባዶ ያደርጋል። «እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» አለኝ፤ «የእንግዳ ቤት ውስጥ የሰው ምስል አይከማችም።» ምን እንደፈራ ገብቶኛል። እኔም ፈርቼ ነበር።

አንዲት እናት መንገዱ ለሁለት ቀን ተዘግቶ በተከፈተ ማግሥት መጡ። በጫንጮ በኩል ካለ ገጠር፣ ከባላቸው ወንድም ጋር ነበሩ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ባላቸው ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ሰውየው ሰፊ ባርኔጣ አድርጓል፤ ከገባ ጀምሮ የሚናገረው እሱ ነው።

«አካም ቡልተን» ብሎ ሰላምታ ሰጠና «ለመሬት ደብተር የሚሆን ፎቶ» አለ። «ወንድሜ አርፏል፤ ስሙ ተነሥቶ በእሷ ሊተካ ነው።»

የፎቶ ቤቱ ባለቤት አንስቷቸው ስልክ ሊያነጋግር ወደ ውጭ ወጣ። እሳቸው ግድግዳው ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ስክሪኑ አይታያቸውም። ሰውየው ግን አልተቀመጠም። ከኋላዬ ቆመ። ከኋላዬ የሚቆም ሰው አልወድም፤ እጄ ይተሳሰራል።

ፊታቸውን አጎላሁት። ከግራ ዓይናቸው በታች፣ ጉንጫቸው አጥንት ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጥቁር የልደት ምልክት አለ። ማርያም ስማዋለች የሚባለው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለውን አልነካም ነበር፤ ብጉርና ማድያት አንድ ነገር ነው፣ አብሮ የተወለደ ነገር ሌላ ነው። ግንባራቸውን ማለስለስ ጀመርኩ።

በቀኝ ትከሻዬ በኩል ክንድ መጣ። ሰውየው ጠቋሚ ጣቱን ስክሪኑ ላይ፣ በትክክል ምልክቱ ላይ አሳረፈ።

«ይቺንም» አለ።

«ትጥፋ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ትጥፋ እንጂ። የመንግሥት ደብተር ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ንጹሕ ይሁን።»

ዞር ብዬ እሳቸውን አየሁ። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ በሩ ይመለከታሉ። መጠየቅ ነበረብኝ። «እማማ፣ ይቺ ምልክት ትጥፋ?» ማለት አምስት ቃል እንኳ አይሞላም። አላልኩም። ፕላስተሯን ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረግኩ፤ ምልክቱ ጠፋ። ከዚያ እጄ ልማዱን ቀጠለ፤ ከዓይናቸው ሥር ያለው ሐዘን ተነሣ፣ የጉንጫቸው መስመር ለሰለሰ። እሳቸው በአሥር ዓመት ወጣት ሆኑ። አራት ቅጂ አትሜ በፖስታ ሰጠሁ። የተቀበለው ሰውየው ነው፤ እሳቸው ሳያዩት ኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከሄዱ በኋላ ስክሪኑ ላይ የጣቱ አሻራ ቀርቶ ነበር፤ በሻሽ ጠረግኩት። አመሻሽ ላይ ባለቤቱ እንደተለመደው ኦሪጅናሉን አጠፋ።

ከሳምንት በላይ ሱቅ ስንዘጋና ስንከፍት ቆየን። አንድ ጠዋት እኚያ እናት ብቻቸውን መጡ። አልተቀመጡም። ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ አድርገው አንዱን ፎቶ አወጡና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ኩን አነ ሚቲ» አሉ፤ ይቺ እኔ አይደለሁም። ከዚያ እኔ ያልሰማኋቸው ይመስል በአማርኛ ደገሙት።

ታሪኩን የነገሩኝ ቆመው ነው። ባላቸው መሬቱን ያስመዘገበ ጊዜ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ ባለይዞታ ተብሎ የተጻፈው ስም የባል ብቻ ቢሆንም የእሳቸው ምልክት በጉልህ ይታያል። አሁን መንገዱ በተዘጋ ሰሞን እሳቸው መምጣት ስላልቻሉ የባላቸው ወንድም በአቋራጭ በእግሩ መጥቶ ወረቀቱንና አዲሱን ፎቶ ለመሬት ሠራተኛው አስገባ። ሠራተኛው ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረገ። አንዷ ምልክት አላት፤ ሌላዋ የላትም፤ የሌላትም ዕድሜዋ ያነሰ ነው። በዚያ ሰሞን ደላሎች የሌላ ሴት ፎቶ እየለጠፉ የሙት መሬት ያዞራሉ የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶት ነበር። ሠራተኛው ፋይሉ ላይ «የባለቤትነት ጥርጣሬ» ብሎ ጻፈበትና አገደው።

«እኔ ራሴ ሄጄ ቆምኩለት» አሉ። «ፊቴን አየው። ‹አንቺማ አንቺ ነሽ፤ ይቺ ግን ማን ናት? የማን ፎቶ ነው ያስገባችሁት?› አለኝ። ፎቶ ቤቱ በማኅተም ይመስክር አለ።» ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ መንገዱ አዩ። «መሬት የሚለኩት ቀያሾች ከእኛ ወዲህ ያለው ሰፈር ገብተዋል። ሲደርሱ ደብተሩ ላይ ስሙ ያለውን ነው የሚጠይቁት። ስሜ ከሌለ ማሳው የሟች ወንድም ነው ይባላል። ልጄ አንድ ናት፤ እሷም ሰበታ ፋብሪካ ናት፤ መንገድ ተዘግቶ መምጣት አልቻለችም።»

«አሁን ማን ነው የሚያርሰው?» አልኩ።

«እሱ ነዋ፤ የባሌ ወንድም። የእኩል፤ በእሱ በሬ ነው፣ ምርቱን እንካፈላለን።»

የመጣብኝ ስክሪኑ ላይ ያረፈው ጣት ነው። ምልክቷ ብትጠፋ ማን እንደሚጎዳ፣ ማን እንደሚጠቀም፣ ፖስታውን ማን ኪሱ እንደከተተ፣ ማን ብቻውን እንዳስገባው፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተሰለፈልኝ።

«ማን አዘዘሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ጥያቄው የወቀሳ አልነበረም። የሚያዩኝ ግን እኔ የቆዳ ጃኬት ያደረገውን ሰው ባየሁበት ዓይን ነበር። እኔንም ጠርጥረውኛል። «የባልዎ ወንድም ነው» ብል ምን ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከሰውየው ጋር አንድ አጥር ውስጥ ይኖራሉ። በሬው የእሱ ነው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የአንድን ሰው ስም አንሥቶ ለሌላ ሰው ጆሮ መስጠት የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም።

«ልማድ ነው» አልኩ። «ሁሉንም ነው የምናጸዳው።»

ግማሹ እውነት ነበር።

ባለቤቱ ከጓሮ ወጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሁለት እጁን አነሣ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አዲስ ፎቶ በነፃ አነሣዎታለሁ። ማኅተሜ ግን መሬት ጉዳይ ውስጥ አይገባም።»

«ፎቶውን ያነሣኸው አንተ ነህ እኮ።»

«አነሣሁ። ዛሬ ለእርስዎ ብፈርም ነገ ሌላው መጥቶ ‹ለእሷ ፈርመህ ለእኔ ለምን› ይለኛል። ከነገ ወዲያ ‹ይሄ ከየት የመጣ ነው በመሬታችን የሚመሰክረው› ይሉኛል። ልጆች አሉኝ።»

«ኦሪጅናሉ ቢኖር...» አልኩ።

«የለም» አለ፤ እኔን እያየ። «የጠፋውም ለዚህ ዓይነት ቀን ነው።»

እማማ ፎቶዎቹን ወደ ፖስታው መለሱ። አልለመኑም፤ «ቶሌ» ብቻ አሉ፤ እሺ። በሩ ጋ ሲደርሱ የተጫማሁት ጫማ መሬቱ ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ተነሥቼ ነበር።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ባለቤቱ አፉን ከፈተ። «በማን ስም?»

«በራሴ። ያጸዳሁት እኔ ነኝ።» አሠራራችንን ላሳያቸው ብዬ የእሱን ላፕቶፕና ካሜራውን ለአንድ ሰዓት እንዲያውሰኝ ለመንኩት። በዚያ ቤት ያን ያህል ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። «ካልተመለስሽ አላውቅሽም» አለኝ፤ ቀልዶ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቦርሳውን ግን ራሱ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠለልኝ።

መሬት ቢሮው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሠራተኛው ከእኔ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው፤ ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ የቆየ ጠባሳ አለው፤ አገጩ በምላጭ ሽፍታ ተሞልቷል። ወረቀቱን ያስገባ ሰው ይገኝ ብሎ ስለነበር የባላቸው ወንድም ቀድሞን ደርሶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያየኝ አላወቀኝም፤ ወይም ያላወቀኝ መሰለ።

«ደብዳቤው?» አለ ሠራተኛው።

«ደብዳቤ የለም። እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ ለጠረጴዛው።

«ቀና ብለሽ ተናገሪ፣ እህት።»

«ፎቶው የእሳቸው ነው። ምልክቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማን አጥፊ አለሽ?»

ሰውየው ባርኔጣውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። እማማ እኔን አያዩም፤ የሚያዩት መሬቱን ነው። ሠራተኛው እስክሪብቶ አንሥቷል። ከአፌ የሚወጣው ስም ፋይሉ ላይ እንደሚሰፍር፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ የጭቅጭቅ መሬት ተብሎ ሌላ ፋይል እንደሚከፈትለት፣ ቀያሾቹም እስኪያልቅ እንደማይጠብቁ ታየኝ። እውነቱን መናገር ማሳውን ሊያስበላቸው ይችላል።

«ማንም» አልኩ። «ልማድ ነው። ሳንጠየቅ ነው የምናጸዳው።»

ሠራተኛው ሳቀ፤ የሚያስቀው ነገር ስለነበረው አይመስለኝም። «ሰው ሳያዝዝሽ የሰው ምልክት ታጠፊያለሽ? ማን ያምንሻል? ይሄ ሰውዬ ነው የላከሽ ወይስ ደላላ?»

ምን እንዳደፋፈረኝ አላውቅም። ካሜራውን አወጣሁ። «አንድ ጊዜ ላንሣዎት?»

«እኔን?»

«አንድ ጊዜ።»

እጁን ወደ ኮሌታው ሰደደ፤ ያልጠበቅኩት ነገር ነው፤ ኮሌታውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አነሣሁት። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ምስሉን አስገባሁ፤ እሱ ዞሮ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። በዚህ ጊዜ እጄ አልተሳሰረም። የምላጩን ሽፍታ አንድ በአንድ ለቀምኩት። ቆዳውን አለሰለስኩ። ቅንድቡ ላይ ስደርስ ምንም ሳልጠይቀው ጠባሳውን በፕላስተሯ ነካሁት፤ ቅንድቡ ገጠመ። የዓይኑን ነጭ አበራሁ። ከዚያ እጄን ከማውዙ ላይ አነሣሁ።

«አላዘዙኝም» አልኩ።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ቅንድቡን አየው። ሳያስበው በጣቱ የራሱን ጠባሳ ዳሰሰ፤ እዚያው መኖሩን የሚያረጋግጥ ይመስል ነበር።

«ይቺ በሰባት ዓመቴ ጥጃ የረገጠችኝ ናት» አለ። «እናቴ ብታየው አታውቀኝም።»

«የእሳቸውም ጉዳይ እንዲሁ ነው» አልኩ።

እማማ ከአግዳሚው ላይ ሆነው «እኔንም ልጄ ብታየው አታውቀኝም» አሉ በኦሮምኛ፤ ሠራተኛው ሳቁን አፈነ። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ ባርኔጣውን ማሽከርከሩን ትቶ እኔን ያይ ነበር። ለምን እንደሸፈንኩት የሚያሰላ መሰለኝ። ሸፍኜው ነበርና ያየኝን ዓይን መመለስ አልቻልኩም። ያሳየሁት ነገር እውነት ነው፤ ሁሉንም ሳንጠየቅ እናጸዳለን። ያቺን አንዲት ምልክት ግን የነካሁት ተጠይቄ ነው። በእውነተኛ ማስረጃ ሐሰት መሰከርኩ።

ሠራተኛው ፋይሉን ከፍቶ ረጅም ነገር ጻፈ። ስሜን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የአክስቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ፈረምኩ። «አዲስ ፎቶ ዛሬውኑ» አለ። «ምንም እንዳትነኪ። ራስሽ ይዘሽ ነይ፤ በሌላ ሰው እጅ አልቀበልም።» ይህን ሲል ሰውየውን አላየም፤ ሰውየው ግን ሰምቷል። በር ላይ ስደርስ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ። «ያንን የኔን እንዳታጠፊው። አንድ አትሚልኝ።»

ፎቶ ቤት ተመልሰን እንደገና ተነሡ። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንበኛ ፊቱን ሳይጸዳ እንዲያይ አደረግኩ። እማማ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዓይናቸው ሥር ያለው እብጠት፣ የከንፈራቸው መሰንጠቅ፣ ምልክቱ፣ ሁሉም አለ። አተምኩት፤ ባለቤቱ ቀለሙ እንዳይነካ ብሎ ራሱ በወረቀት ጠቀለለው፤ «ጌታ ይርዳዎት» ብሎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወዲያው ለእኔ አቀበሉኝ፤ በሌላ ሰው እጅ አልቀበልም መባሉን አልረሱም።

ሠራተኛው ፎቶውን ደብተሩ ላይ ለጠፈ። ማኅተሙን አንሥቶ ቆመ፤ ክቡ ቀለም የት እንደሚያርፍ በዓይኑ ለካ። ምልክቱን እንዳይነካ ወደ ትከሻቸው ዝቅ አድርጎ መታው። የባላቸው ስም በነበረበት ቦታ የእሳቸው ስም ተጻፈ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ጣታቸውን ስማቸው ላይ አድርገው «እዚህ ጋ ነው?» አሉኝ። «እዚያው ጋ ነው» አልኳቸው። ጣታቸውን ቶሎ አላነሡም።

ስንወጣ ሰውየው ባጃጅ ሊፈልግ ወደ አስፋልቱ ቀደመን። ጥቂት እርምጃ ነው የራቀን። ይስማን አይስማን አላውቅም። እማማ ክንዴን ያዙኝ።

«ምልክቷን አስጠፋልኝ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «በመንገድ ላይ ነገርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ በእሷ ነው። አንቺ ልጅ ስለሆንሽ ላንቺ መንገር አፈርኩ። እሱ ምን ያድርግ?»

«እኔም አፍሬ ነው ያልጠየቅኩዎት» አልኩ።

ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። «ፎቶ ቤት ማን አዘዘሽ ያልኩሽ... እሱ ነው ብትይ ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም ነበር።»

ይህን እስከ ዛሬ አመላልሰዋለሁ። ራሳቸው አዝዘው ከነበረ ያን ቀን «ማን አዘዘሽ» ብለው ለምን ጠየቁኝ? ሊፈትኑኝ ነው? ወይስ እኔ ቢሮ ውስጥ የሸፈንኩትን ሰው እሳቸው ደግሞ እኔ ፊት እየሸፈኑት ነበር? ደብተሩ በእጃቸው ነው፤ በሬው በእሱ እጅ ነው፤ ነገ ማሳውን ማን እንደሚያርሰው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ክንዴን የያዙበት እጅ ጠንካራ ነበር። ሰው እውነት ሲናገርም፣ ሌላውን ዝም በል ሲልም እንዲያ ይይዛል።

«አንዷን ፎቶ» አሉ ደግሞ፣ «ምልክት የሌላትን፣ ማተለቅ ይቻላል? ግድግዳ ላይ የሚሆን።»

«ይቻላል።»

«ገበያ ስወጣ እወስዳታለሁ። ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ አመሰግናለሁ፣ ልጄ።

ባጃጁ መጣ። ሰውየው እሳቸውን ደግፎ አስገባና ከመግባቱ በፊት ወደ እኔ አንድ እርምጃ ተመለሰ።

«ምን አለችሽ?»

ዓይኔ ወደ ጫማው ወረደ። ጫማው ላይ ትኩስ የማሳ ጭቃ ነበር።

«ፎቶ ይተለቅልኝ ነው ያሉት» አልኩ።

«የትኛው?»

«የጸዳው።»

አንገቱን ነቀነቀ። እፎይ ብሎ ይሁን ገርሞት፣ ባርኔጣው ዓይኑን ስለሸፈነው አላየሁም።

ፎቶውን በዚያው ሳምንት አተለቅኩት። ጥሩ ሥራ ነው፤ ቆዳው እንደ ሐር ነው፤ ጉንጩ ላይ ምንም የለም። ከዚያ በኋላ ፊት ከማጽዳቴ በፊት ስክሪኑን አዙሬ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ብዙው ሰው «ኧረ አጥፊልኝ» ይላል፤ ጥቂቱ ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን አልነካም። ቀያሾቹ ያንን ሰፈር ጨርሰው ማለፋቸውን፣ ማሳው በእማማ ስም መመዝገቡን ከጫንጮ የሚመጡ ደንበኞች ነግረውኛል። ሰውየው አሁንም የእኩል ያርሳል አሉ። አንዳንድ የገበያ ቀን በፎቶ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ ገብቶ አያውቅም።

እማማም አልመጡም። ሦስት ገበያ ጠበቅኩ፤ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። የተተለቀው ፎቶ መሳቢያው ውስጥ፣ ያ የቆዳ ጃኬት ያደረገው ሰው ከተወው ጉርድ ፎቶ ጎን ተቀምጧል። ባለቤቱ አንድ ቀን ሲያጸዳ አገኛቸውና «እነዚህ የማን ናቸው? ለምን አናስወግዳቸውም?» አለኝ።

«ይቀመጡ» አልኩት። «ይመጡ ይሆናል።»